ውል

አሥራ አራቱን አንቀጽ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ነጠላ ሰረዙ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ፣ እንቅልፍ የነሳኝ።
በቴጋል ወደብ ላይ፣ ጨው በሚበላው በር፣
የሙያ ትምህርት ቤት፣ ከመርከብ ጋራዥ ጋር፣
ባንክም ሦስተኛ ሆኖ፣ ሊፈራረም ነበር።

«ተማሪ በሥራ ይማር፤ ሠሪም ተምሮ ይሥራ፤
ባንኩም ያበድር፣ ሐሳብ ላለው ሁሉ፣ ዋስ ላለው በተራ።»
ይላል አንቀጽ ዘጠኝ፤ ተነበበ በክብር፣ ተጨበጨበ በጋራ።

ሦስት ብዕር ተመዘዘ፤ ሦስት ማኅተም ዐረፈ፤
ፎቶ አንሺው «አንዴ ድገሙት» አለ፤
ፊርማው ተደገመ፣ አየር ላይ ተጻፈ።
ምግቡም ተበላና፣ አበባው ጠወለገ፣ ሰው ወደ ቤቱ አለፈ።

ሰኞ በማለዳ፣ ሱሚራህ መጣች፣ ከጋራዡ ደጃፍ፤
ደብተር አላት በእጇ፣ እርሳስ ሰክታለች፣ ከጆሮዋ ጫፍ።
አለቃው ፓክ ዋርዶዮ፣ አርባ ዓመት ናፍጣ የጠጣ ጣቱን
በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቷን ሳይሆን አየ፣ የእግሯን ማነሱን።
«ቦት ጫማ፣ ቁጥር አርባ ሦስት ብቻ ነው ያለን፤
ያንቺን እግር የሚያህል፣ ማን አስቦ ገዛ? ማንስ አማከረን?»

እውነቱን ነው። ቤት ገብቼ አየሁት፣ ውሉን መልሼ፤
ጫማ የሚል ቃል የለም፤ አሥራ አራቱን አንቀጽ፣ ፈለግሁ አተራምሼ።
«ባለድርሻ» አለ፤ «ማዕቀፍ» አለ፤ «አቅም ግንባታ» አለ፤
የአንዲት ልጅ እግር ግን፣ ሠላሳ ስድስት ቁጥር፣ ከመስመሩ ጎደለ።

ጋዜጣ ጠቀጠቀች፤ የሩዙን ገበያ በግራ፣ የኳሱን ዜና በቀኝ፤
ገባች እየጎተተች፤ «ምን ልሥራ?» አለችው፤ «ወለል ጥረጊልኝ!»

በትምህርት ቤት ያየችው ሞተር፣ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣
ሆዱ የሚታይ ነበር፣ ዝም ያለ፣ የታጠበ።
የዚህኛው ይስላል፣ ይተፋል፣
ይሰደባል ሲመሽ፣ ይሰደባል ደግሞ፣ ሲነጋ ሲጠባ።

ሁለት ወር ጠረገች።

መጥረግ ግን ማየት ነው፣ ዓይን ላለው ሰው፤
ዓሣ አጥማጁን ሁሉ፣ በየሳምንቱ፣ አንድ ነገር ነው የሚያስለቅሰው፤
አንዲት ጓርኒሲዮን፣ መዳፍ የማትሞላ፣ ስትቀደድ ከመሐል
ሞተሩ ውኃ ይጠጣል፤ አዲሷ እስክትመጣ፣
ከጃካርታ ድረስ፣ ጀልባው ስድስት ቀን፣ ታስሮ ይውላል።

ከተጣለ ካላማዳሪ፣ ቆረጠች በምላጭ፤
አንደኛዋ አፈሰሰች። ሁለተኛዋም። ሳቁባት፤ «ነይ የጎማ ሻጭ!»
ማታ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ መምህሯን ጠየቀች፣ ስለ ሙቀት ስለ ግፊት፤
ሦስተኛዋን ለዋርዶዮ ሰጠችው፤ አጎበጣት፣ በጥርሱም ነከሳት።
«ውፍረቱ ይብዛ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረላት።
በማግሥቱ ግን መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘው፤ መቀሱን ለእሷ ሰጣት።

ባንኩ ግን፣ ሦስተኛው ፈራሚ፣ መስኮቱን አጠበበ፤
«ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ዋስ አለሽ?» አላትና፣
አንቀጽ ዘጠኝን ገልጦ፣ እኔው የጻፍኩትን፣ ጮኾ አነበበ።
አፈርኩ። «ዋስ ላለው» ስል ጊዜ፣ ቃሉ አምሮኝ ነበር፤
ዋስ የሌለው ሰው ግን፣ መልክ እንዳለው መች ዐወቅሁ፣ በዚያ ሁሉ መስመር።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ፤ ናፍጣ ሸተተ።
ዋርዶዮ ወረፋ ጠበቀ፤ «ዋሷ እኔ ነኝ» ብሎ፣
የደሞዝ ወረቀቱን በመስኮቷ ከተተ።
«ፈርም» ቢሉት ብዕሩ፣ ከወፍራም ጣቱ ሾለከ፤
ቀለምም አላስፈለገው፤ የአርባ ዓመቱን ናፍጣ
በአውራ ጣቱ አሳረፈ፣ ወረቀቱን ባረከ።

ውል መስሎኝ ነበር፣ ያ የጻፍኩት ሁሉ፤
ለካ ልቃቂት ኖሯል፤ እነዚህ እስኪያገኙት፣ የጠፋበት ውሉ።

ዘንድሮ ሊታደስ ነው፤ አበባው ታዟል፤
ሱሚራህ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ሁለት ልጆች ቀጥራለች፤
ጓርኒሲዮኗ አልፎ አልፎ፣ ዛሬም ያፈሳል፤
ዋርዶዮ ጡረታ ወጥቶ፣ ከደጇ ተቀምጦ፣ «ውፍረቱ ይብዛ» ይላል።

እኔም በአዲሱ ረቂቅ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤
«ቦት ጫማ፣ ከሠላሳ አምስት ቁጥር ጀምሮ» ብዬ፣ ሰረዙን ሰደርኩ።
ዳይሬክተሩ አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አዩ፤
ከዚያም የእኔን።
ገጹን ገለጡት፣ ብዕራቸውን ከኪስ ሳይለዩ።